የት ቆመሽ ነው ያየሽው?

ጋሼ ወረቀቴን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀይ እስክሪብቶ ነው። «ማስመሪያም አምጪ» አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምሠራ እሱ አይጠፋም፣ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገ፣ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለና ሥዕል ልለማመድ ብዬ ሙሉ ቀን የለፋሁባቸው ሣጥኖች ላይ ማስመር ጀመረ።

ልቤ ድንግጥ አለ። ወረቀቱ ላይ 20 ሣጥኖች ነበሩ። ለእኔ ያለቀ ሥራ ነበር። እሱ ግን የአንዱን ሣጥን ጠርዝ ያዘና በማስመሪያው ተከትሎ ከሣጥኑ ውጪ እስከ ወረቀቱ ጫፍ አስረዘመው። ጎን ለጎን ያለውንም እንደዚያው። ከዚያ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። ቀዮቹ መስመሮች ከሣጥኑ እየራቁ ሲሄዱ እየተቀራረቡ መሄድ ነበረባቸው። የኔዎቹ እንደተኳረፉ ሰዎች አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ሄዱ። ጋሼ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «የት ቆመሽ ነው ያየሽው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የትም አልቆምኩም። ሣጥኑን ከጭንቅላቴ ነው ያወጣሁት።

(ትልቅ ሰው ላይ «አለ»፣ «ጠየቀኝ» እያልኩ መጻፌ ለሌላ አገር ሰው ድፍረት ሊመስል ይችላል። ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ አንቱታ ብዙም አንጠቀምም። ጋሼን እንኳ «እርስዎ» ብለው «ምን አስቀየምኩሽ?» ብሎ ይጠይቀኛል።)

ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ዓመት ያህል ሠፈሩ «ሠዓሊዋ» ይለኝ ነበር። የምሠራው የሰው ፊት ነው። ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ ካሬ ካሬ አደርገዋለሁ፣ ወረቀቴንም እንዲሁ፣ ከዚያ አንድ አንዱን ካሬ እየገለበጥኩ እሄዳለሁ። የሙሽሮች ፎቶ፣ በሕይወት የሌሉ እናቶች ፎቶ፣ የልደት ስጦታ። ይመስላል። በጣም ይመስላል። ያየ ሁሉ «ጎበዝ! ፎቶ እኮ ነው!» ይላል። እናቴ ሁለቱን ሳሎን ሰቅላቸዋለች። የካሬውን ዘዴ አልንቀውም፤ ሠዓሊዎች ለዘመናት ተጠቅመውበታል፣ ትዕግሥትም ያስተምራል። የኔ ችግር ካሬው ሲነሳ ነው።

አንድ እሑድ ቡና እየተፈላ የእህቴ ልጅ «ጀበናውን ሣይልኝ» አለችኝ። ስድስት ዓመቷ ነው። ፎቶ የለም፣ ካሬ የለም። እርሳስ አነሳሁ። ጀበናው ከረከቦቱ በላይ ተንሳፈፈ፣ ስኒዎቹ አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ የሚደፉ ሆኑ። ልጅቷ አየችው፣ እናቷን አየች፣ ወረቀቱን መለሰችልኝና ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እናቴ ከወዲያ ሆና «ጎበዝ» አለች።

«ጎበዝ» ደስ ይላል። እኔም ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም ደስ ይለኛል። ግን ጎበዝ የተባልሽ ቀን ማታ ቁጭ ብለሽ ነገ ምን ላሻሽል ብትዪ የምትይዢው ነገር የለም።

ስለዚህ ከሥር ጀመርኩ። ከመስመር።

የመስመር ልምምድ ሲታይ የሕፃን ሥራ ይመስላል። ወረቀት ላይ ሁለት ነጥብ ታደርጊያለሽ፣ በመሀላቸው አንድ ስንዝር ያህል ርቀት። እስክሪብቶውን ወረቀቱን ሳታስነኪ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሁለት ሦስት ጊዜ ታመላልሺያለሽ። እጅሽ መንገዱን ይለምደዋል። ከዚያ ታሳርፊና ሳታቆሚ ትስቢዋለሽ። አለቀ። ሌላ ሁለት ነጥብ።

በእስክሪብቶ ነው የምሠራው። እርሳስ ከሆነ ላጲስ አለ፣ ላጲስ ካለ ስሕተቱ ይጠፋል፣ ከጠፋ ደግሞ የት እንደሳትኩ አላይም። ወረቀት አልገዛም። ማሽኑ ወረቀት ሲበላ ወይ ቶነሩ ሲያልቅ የተበላሸ ኮፒ በየቀኑ ይወጣል። የሰው መታወቂያና የባንክ ወረቀት ያለበትን ቀድጄ እጥላለሁ። የፈተና ጥያቄና የጨረታ ማስታወቂያ ከሆነ ጀርባው የኔ ነው። ሰዓቱም አለኝ፤ ድሬ ላይ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይመጣል? ሙቀቱ አያስወጣም፣ ሰው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። መዝጊያውን ግማሽ ድረስ እስበውና ቬንቲሌተሩን ከፍቼ አሰምራለሁ። ቬንቲሌተሩ ወረቀት ስለሚያበር ስቴፕለሩን እጭንበታለሁ። እጄ ስለሚያልበው ደግሞ ከመዳፌ ሥር ሌላ ወረቀት አደርጋለሁ፤ ካለዚያ ቀለሙ ይጨማለቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት መስመሮች ሁሉ ቀስት ነበሩ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን የጎበጡ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ አንጓዬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነበር። እጅ አንጓው ላይ ሲዞር እንደ በር ነው፣ ጫፉ የሚሄደው በክብ ነው። ረጅም መስመር ከትከሻ ነው የሚመጣው። ተቀምጬ አልሆንልሽ ሲለኝ ቆሜ መሥራት ጀመርኩ፣ ክርኔን ከባንኮኒው አነሳሁ፣ መጀመሪያ ላይ ትከሻዬ ይደክመኝ ነበር። ሌላው ደግሞ ፍጥነት ነው። ቀስ ስል ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ዓይኔ በየመንገዱ እርማት እየሰጠ እጄን ያስቆመዋል። ፈጠን ስል መስመሩ ይጠራል ግን ነጥቡን ይስታል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፣ ጥራቱን አስቀደምኩ። ነጥቡን መምታት በራሱ ጊዜ መጣ፣ ሁለት ወር ገደማ ፈጅቶበት። በጣም የከበደኝ ግን የተሳሳተ መስመር ላይ ደግሜ አለማስመር ነው። እጅሽን ያሳክክሻል፣ ላስተካክለው ላስተካክለው ይልሻል። ስታስተካክዪው ያቺ አንዲት ስሕተት አምስት ፀጉር ታበቅላለች።

ሣጥኑ ከዚህ በኋላ መጣ፣ ጋሼም የመጣው ያኔ ነው።

ጋሼ የሸመንደፈር ጡረተኛ ነው። የጡረታ ወረቀት ኮፒ ሊያደርግ ነበር የገባው። ባቡሩ ወርክሾፕ ውስጥ የኖረ ሰው ነው፤ የአንድ ማሽን ዕቃ ሲሰበርና መለዋወጫ ሲጠፋ የተሰበረውን ለክቶ ይሥላል፣ ሥዕሉ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ለሚሠራው ሰው ይሰጣል፣ ቶርኖው ብረቱን ያወጣል። «ሥዕሉ ከተሳሳተ ብረቱ ይሳሳታል» አለኝ። «ብረት የሚያባክን ሰው ደግሞ ማንም አይወድም።» እዚያ ቤት «ያምራል» የሚል አስተያየት አልነበረም። መስመሩ ልክ ነው ወይም ልክ አይደለም፣ ካልሆነ የትኛው ነው። ሳይሰድብ ማረም የሚችል ሰው ሳገኝ እሱ የመጀመሪያዬ ነው።

ሣጥን 12 ጠርዝ አለው። ሦስት ቡድን ነው፣ በየቡድኑ አራት አራት። በአንድ ቡድን ያሉት አራቱ በእውነተኛው ሣጥን ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱ፣ የማይገናኙ ናቸው። ወረቀት ላይ ሲሣሉ ግን ወደ አንድ ሩቅ ቦታ ያመራሉ፣ ያ ቦታ መጥፊያ ነጥብ ነው። ይሄን በቃል አውቀው ነበር። ቪዲዮ አይቼ «እሺ ገባኝ» ብዬ ነው 20ዎቹን ሣጥኖች የሠራሁት። የገባኝ የመሰለኝ ነገር እንዳልገባኝ ያየሁት ቀዩ መስመር ሲወጣ ነው። ሣጥኑን በዓይን ብቻ ሲያዩት ደህና ይመስላል እኮ! ትንሽ ጠመም ያለ ነገር ይሰማሻል፣ ግን የቱ ጋ እንደሆነ አትይዢውም። ጠርዙን ስታስረዝሚው ስሕተቷ አብራ ትረዝማለች። አንድ ሚሊ ሜትር የነበረችው ወረቀቱ ጫፍ ስትደርስ ሦስት ጣት ትሆናለች።

«ሐዲድ አይተሽ አታውቂም?» አለኝ ጋሼ።

ድሬ ተወልጄ ሐዲድ ባላይ ነበር የሚገርመው። ከተማዋ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፣ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1917 ፈጅቶበታል። አሁን ባቡሩ በሌላ ሰፊ ሐዲድ ነው የሚሄደው፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሏል። አሮጌው ግን የሚታይበት ቦታ አለ። ጋሼ የቤት ሥራ ሰጠኝ። «ሄደሽ መጀመሪያ ቆመሽ እይው፣ ከዚያ ቁጢጥ ብለሽ። ስትመለሺ ምን እንደተቀየረ ትነግሪኛለሽ።»

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሄድኩ፣ ፀሐይ ሳትከር። የአሮጌው ሐዲድ ሁለት ብረቶች በመሀላቸው አንድ ሜትር ናቸው፣ እስከ መጨረሻው ድረስ። አንዲት ጣት ቢጠጉ ባቡሩ ይወድቃል። ዓይኔ ግን እየተጠጉ፣ እየተጠጉ ሲሄዱና ሩቅ ላይ አንድ ሲሆኑ ያያል። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ቁጢጥ ስል ግን የሚገናኙበት ቦታ አብሮኝ ወረደ። ቅድም ከቁጥቋጦው በላይ የነበረው አሁን ከግማሹ በታች ሆነ። ተነሳሁ፣ አብሮኝ ተነሳ። ሦስት አራት ጊዜ ተነሳሁ ተቀመጥኩ። ፍየል እየነዳ የሚያልፍ ልጅ ቆሞ ያየኝ ነበር።

ስመለስ ለጋሼ «አድማሱ ከኔ ጋ ይወርዳል» አልኩት። «እንግዲህ አየሽ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። የአድማሱ መስመር ከፍታ የዓይኔ ከፍታ ነው። ሣጥን ሣልኩ ማለት ከሆነ ቦታ ሆኜ አየሁት ማለት ነው፣ ቦታውን ካልወሰንኩ ደግሞ እያንዳንዱ ጠርዝ የየራሱን ተመልካች ይዞ ይመጣል።

ይህንን ነገር በኋላ ስከታተለው ብሩኔሌስኪ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ጋ ደረስኩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከካቴድራሉ በር ላይ ሆኖ ፊት ለፊት ያለውን የጥምቀት ቤት በትንሽ ሰሌዳ ላይ ሣለና ሰሌዳውን ቀዳዳ አበጀለት። ተመልካቹ በሰሌዳው ጀርባ በኩል በቀዳዳው ያያል፣ በሌላ እጁ መስታወት ይይዛል፣ ሥዕሉን በመስታወቱ ውስጥ ነው የሚያየው። መስታወቱን ሲያወርድ እውነተኛው ሕንፃ እዚያው ይጠብቀዋል። ቀዳዳው ሰውየውን ሠዓሊው የቆመበት ቦታ ላይ ያቆመዋል። ለእኔ ይሄ ሰውዬ ሥዕሉን ማንም መጥቶ እንዲያርመው መሣሪያ የሠራ ሰው ነው። ሥዕሉና እውነቱ ጎን ለጎን፣ ከተሳሳትኩ እዩት።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ እየቆምኩ እየተቀመጥኩ ማየት ጀመርኩ። ስኒውን በተለይ። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ረከቦቱ ላይ ያለ ስኒ ሳይ አፉ ቀጭን ሞላላ ነው። ስነሳ ይከፈታል፣ ከላይ ሆኜ ስመለከተው ሙሉ ክብ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። እሺ። ግን ታቹስ? ታቹን ሁላችንም ቀጥ ባለ መስመር እንሥለዋለን፣ ምክንያቱም ጠፍጣፋ ነገር ላይ እንደተቀመጠ እናውቃለን። ዓይን የሚያየው ሌላ ነው። የስኒው ታች ከአፉ ይልቅ ከዓይኔ በታች የራቀ ስለሆነ ክቡ ከአፉ የበለጠ የተከፈተ ነው። የእህቴ ልጅ የመለሰችልኝ ወረቀት ላይ ስኒዎቹ የሚደፉት በዚህ ነበር። አውጥቼ አየሁት፤ አፋቸው ከላይ የታየ፣ ታቻቸው ከጎን የታየ። እንደገና ሁለት ቦታ ቆሜ ነበር።

የሞላላ ልምምዱ እንደ መስመሩ ነው፤ ሣጥን ሣጥን እያደረግሽ ውስጡ አራቱን ጎን የሚነካ ሞላላ ትሠሪያለሽ፣ እስክሪብቶውን ሳታነሺ ሁለት ዙር። ጋሼ አንድ ገጽ አይቶ «ጫፉ ሾሏል፣ ሎሚ ሆኗል፣ ክብ ነገር ጫፍ የለውም» አለኝ። ሁለት ሳምንት በዚያች ዐረፍተ ነገር ኖርኩ።

ከተማዬን ራሷን ሌላ አድርጋ ያሳየችኝ ግን ሣጥኑ ናት። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እዚህና እዚያ መሄድ ለእኔ የሠርክ ነገር ነው። ከዚራ ሠፈር መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ዛፉ በረድፍ። ባቡሩን ያመጡት ሰዎች ናቸው የቀየሱት። እዚያ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ መሣል ቀላል ነው፤ የዚህ ቤት ጣሪያም፣ የዚያ ቤት መስኮትም፣ የእግረኛ መንገዱም ወደዚያው ወደ አንድ ነጥብ ይሄዳሉ። አንዱን ካገኘሽ ሌላው ይከተላል። ከወንዙ ማዶ መጋላ ሠፈር ስገባ ይሄ ሁሉ ፈረሰብኝ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ አንዱ ቤት ፊቱን ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ አዙሯል። የከዚራውን ሕግ ይዤ ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ ሁሉም ቤት አንድ ቀጥ ያለ ግንብ ሆነ። ጋሼ ያንን አይቶ ምንም አላሰመረም። አንዱን ቤት በጣቱ ነካና «ይሄ ወዴት ነው የሚያየው?» አለ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን፣ «ይሄስ?» አለ። ገባኝ። መጋላ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጥፊያ ነጥብ አለው፣ ሁሉም ግን የሚያርፉት አንድ መስመር ላይ ነው፣ የኔ ዓይን ከፍታ ላይ። ቤቶቹ የፈለጉትን ይዩ፣ የማየው እኔ አንድ ቦታ ነኝ። ያን ቀን ቤት ስገባ እናቴ ምን አግኝተሽ ነው የምትስቂው አለችኝ።

ሐረር ደግሞ ሌላ አስተማረችኝ። የደንገጎን ዳገት ወጥቼ በአወዳይ በኩል ሐረር ገባሁ፣ ለሥዕል ብዬ፣ ቅዳሜ ቀን። ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው። አንዱን ሰፊ አስፈቅጄ ከነስፌት መኪናው ሣልኩት። ሲያልቅ አሳየሁት። ጨርቁን አስቀምጦ ትኩር ብሎ አየና «ይሄ ሰውዬ ቆሞ ነው እንዴ የሚሰፋው?» አለኝ። ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥኩህ ልለው ፈልጌ ነበር። ዝም ብዬ አየሁት። እውነቱን ነው። ጉልበቱን ረጅም አድርጌው፣ የወንበሩን ልክ ስቼው፣ ሰውየው ሊነሳ ትንሽ የቀረው ይመስላል። ሰፊው ስለ መጥፊያ ነጥብ የሚያውቀው ነገር የለም። ሰው መኪና ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ግን ከኔ የበለጠ ያውቃል። ምን እንደተበላሸ በትክክል ነገረኝ፣ ለምን እንደተበላሸ ማግኘት የኔ ሥራ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል የማያውቅ ሰው አስተያየት ሲሰጠኝ አላልፈውም። ያልተማረ ዓይን «እዚህ ጋ አመመኝ» ይላል እንጂ የበሽታውን ስም አይነግርሽም።

ከድሬ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች እዚያ 40 ኪሎ የሚመዝን 4,213 ቁራጭ የቀለም አፈር አጥንተዋል፣ የ40,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው። ሰዎቹ አፈሩን በድንጋይ እየፈጩ ቀለም ያወጡ ነበር፣ ይህንንም እዚያው ዋሻ ውስጥ ከ4,000 ዓመት በላይ ሲያደርጉ ኖረዋል። እኔ ይሄን ሳነብ ያሰብኩት አንድ እናት ከልጇ አጠገብ ተቀምጣ «እንደዚህ አይደለም፣ አየሽ፣ እንዲህ» ስትል ነው። ያለ እርማት ይሄን ያህል ዘመን የሚተላለፍ ሥራ አይታየኝም። «እንዲህ» የሚለው ቃል አባባሉ ግን ከባድ ነው፣ እኔ አበላሽቼዋለሁና እነግራችኋለሁ።

አሥረኛ ክፍል የምትማር ልጅ ናት። ኮፒ ልታደርግ ስትመጣ ገጾቼን አየች፣ በሌላ ቀን የራሷን ደብተር ይዛ መጣች። ክፍሏን፣ አልጋዋን፣ መስኮቷን ሥላለች። ጥሩ ነገር ነበረው፤ መስኮቱ ላይ የተንጠለጠለውን መጋረጃ ነፋስ ሲነካው በሦስት መስመር ብቻ ነበር የያዘችው። እኔ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። አንድ ገጽ ላይ 11 ስሕተት አገኘሁ፣ ቁጥር ሰጠኋቸው። እየረዳኋት ነበር የመሰለኝ። ጋሼ ለእኔ ያደረገውን ለእሷ እያደረግኩ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ መጋረጃው አንድም ቃል አልተናገርኩም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ በኋላ ሳምንታት አለፉ፣ ኮፒዋን ከማዶ ያለው ቤት ስታሠራ አየኋት።

ለጋሼ ነገርኩት። «ከ11ዱ ነገ የትኛውን ታርም?» አለኝ። ከዚያ ደግሞ «እኔ ያን ቀን ስንት ነገር ነገርኩሽ?»

አንድ። ሣጥኖቼ ሌላም ብዙ ችግር ነበረባቸው፤ መስመሮቹ ደጋግመው የተሰመሩ፣ ጥጎቹ ያልገጠሙ፣ ሁሉም በአንድ መጠን። እሱ ያላየው አይመስለኝም፤ በሥዕሉ ብረት ሲያስቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ስለ ጥጎቹ የነገረኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ መጥፊያ ነጥቡ ሲገባኝ። እስከዚያ ይዞት ቆየ።

ልጅቷን ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት። መጋረጃውንም ነገርኳት። «ምንም አይደል» አለች፣ ፈገግም አለች። ደብተሯን እስካሁን አላመጣችም።

እኔ 200ኛውን ሣጥን አልፌያለሁ። ጋሼ ባለፈው ሰኞ መጣ፣ ወረቀቱን ገፋ አድርጌ ቀይ እስክሪብቶውን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «አንቺ አስምሪው» አለና ቬንቲሌተሩ ፊት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማስመሪያውን ይዤ አንድ በአንድ አስረዘምኳቸው። ወደ ላይ የሚሄዱት አራቱ ደህና ናቸው። ወደ ቀኝ የሚሄዱትም ተስማምተዋል። ወደ ግራ ከሚሄዱት ግን ሁለቱ ቶሎ ይገናኛሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሳይደርሱ። በዚያ ገጽ ላይ በሁሉም ሣጥን እንደዚያ ነው፣ ሁሌ በግራ በኩል፣ ሁሌ የኋለኛው ጠርዝ። ከነገ ጀምሮ የኋላውን ጠርዝ መጀመሪያ እሥላለሁ።